ሽሮፕ ቀማሹ አባት

እናንተዬ፣ ለእንግዳ መጠጥ ሲቀዱ መጀመሪያ ራሳቸው የሚቀምሱ ሰዎች ታውቁ የለ? እዚህ ባሕር ማዶ፣ በሪቻርድሰን ከተማ፣ ታክሲ የሚነዳው ጎረቤቴ ታደሰ ይህን ልማድ እስከ መድኃኒት ድረስ ወሰደው።

ትንሿ ልጁ ሜሮን ከብስክሌት ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ሐኪሙ በጄሶ አስሮ፣ ከሞርፊን ወገን የሆነ የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ አዘዘላት። ታደሰ ጠርሙሱን እንደ እባብ ያየዋል።

"ማለቴ፣ ለሕፃን እንዲህ ያለ ነገር ይታዘዛል? ሱስ ቢሆንባትስ?" ይለኛል።

ልጅቷ ሶፋው ላይ ከንፈሯን ነክሳ ታቃስታለች። ሐኪሙ ሕመሟን አይቷል፤ አባት ደግሞ የነገዋን ይፈራል። እኔው ልስጣት እንዳልል የሌላ ሰው ልጅ ናት!

በመጨረሻ ታደሰ እንደ ቤተ መንግሥት ቀማሽ ኮስተር ብሎ፣ "መጀመሪያ እኔ ልቅመሰው!" አለና አንድ ማንኪያ ዋጠ። "እስቲ ውጤቱን እንጠብቅ" እንዳለ፣ የታክሲው ድካም ይሁን ሽሮፑ እንጃ፣ ወንበሩ ላይ ማንኮራፋት ጀመረ።

ትከሻውን ነቅንቄ ስቀሰቅሰው ባነነ። ሜሮን በደህና እጇ ብርድ ልብሷን አልብሳው አጠገቡ ቆማለች።

"ዳዲ፣" አለችው እንባዋን ዋጥ አድርጋ፣ "ሶ፣ አሁን የኔ ተራ ነው?"