የገዛሁት ስልክ «ባለቤቴ ማን ነው?» አለኝ

ዕቃ ገዝቶ የራስ ማድረግ ድሮ ቀላል ነበር። ጅማ ላይ በርጩማ የገዛ ሰው በርጩማውን ተሸክሞ ቤቱ ይገባል፣ ይቀመጥበታል፣ አበቃ። በርጩማው ከዓመት በኋላ ተነስቶ «መጀመሪያ የገዛኝ ሰውዬ ካልፈቀደ አላስቀምጥህም» አይልም። ስልክ ግን ይላል። ይህ የገባኝ ከጅማ ወጣ ብሎ ያለው ደዶ ድረስ ሄጄ ነው።

ስልኩን የገዛሁት እዚያው ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ስልክ ከሚጠግነው ከናስር ነበር። ያገለገለ ነው፤ ግን ጭረት እንኳ የለውም። ያኔ በጣት የሚነካ ስልክ ገና ብርቅ ነበር፤ የያዘው ሰው ካፌ ሲገባ መጀመሪያ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ራሱ ይቀመጣል። እኔስ ከማን አንሼ?

የእህቴ የነጂማ ሰርግ ቀን ፎቶ አንሺው ሳይመጣ ቀረ። ማን ተጠራ? እኔ። ሙሽራዋን ከእናቴ ጋር፣ ከጓደኞቿ ጋር፣ ብቻዋን፣ ስትስቅ፣ ስታለቅስ አነሳኋት። ባሏ ሲደርስ ባትሪዬ አለቀ እንጂ እሱንም አልምረውም ነበር።

ከሰርጉ በኋላ ፎቶዎቹን ሰው እንዳይነካብኝ ብዬ የስልኩን መክፈቻ ቀየርኩ። በነጥቦች መካከል በጣት የሚሰመር መስመር ነው፤ ማንም እንዳይደርስበት አወሳሰብኩት። ተሳካልኝ፤ እኔም አልደረስኩበትም። ደጋግሜ ስሞክር ስልኩ ተቆጣና የባለቤቱን የኢሜይል አድራሻና የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። የምን ባለቤት? እኔ ምኑ ነኝ? ለመሆኑ እነዚህ ፋብሪካዎች ስልኩን ሲሸጡ ባለቤትነቱን አብረው አይሸጡም እንዴ?

ናስር አገላብጦ አየውና ሁለት መንገድ እንዳለ ነገረኝ። አንደኛው ያለውን ሁሉ አጥፍቶ መክፈት ነው፤ ሰርጉም አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛው ስልኩን የሸጡለትን ሰውዬ፣ የደዶውን ሐጂ ጀማልን መጠየቅ ነው። ነጂማ ይህን ስትሰማ አልጮኸችም፤ የደዶ መሳፈሪያ ቆጥራ እጄ ላይ አስቀመጠች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ደዶ ሄድኩ።

ሐጂ ጀማል ሚስታቸው ካረፉ ዓመታት ያለፉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሳቂታ ሽማግሌ ናቸው። ችግሬን ስነግራቸው ግን ሳቃቸው ቆመ። ስልኩን በራሷ ስምና ኢሜይል ከፍታ የላከችላቸው ጅዳ የምትሠራው ልጃቸው ሩቂያ ናት። እሳቸው ደግሞ መንካቱን ስላልቻሉበት ሸጡት። ለልጅቱ የሚነግሯት ግን ከእጃቸው እንዳልተለየ ነው።

«አሁን ሸጥኩት ልበላት? ወላሂ አፍራለሁ» አሉኝ። «ደግሞ ተቀይማኛለች። ሰሞኑን ስደውል አታነሳም። ምን እንዳጠፋሁ እንኳ አላውቅም።»

«ሐጂ፣ የእህቴ ሰርግ እኮ ነው ውስጡ ያለው።»

ትንሽ አሰቡና ከኪሳቸው አሮጌ ስልክ አውጥተው ደወሉ። አታነሳም። ደገሙ። በሦስተኛው አነሳች፤ እሳቸው «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ሳይጨርሱ እኔ ድረስ በሚሰማ ድምፅ በኦሮምኛ ጮኸችባቸው። «ዛሬ ሊነግሩኝ ነው፣ አባ? ያገቧትን ልጅ ሊነግሩኝ ነው?»

ሐጂ እኔን አዩኝ። እኔ ስልኬን አየሁ።

ለካ ስልኩ በሩቂያ ስም ስለተከፈተ፣ እኔ እዚህ ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ በኢንተርኔት ጅዳ ይገባ ኖሯል! ከአባቷ ስልክ ከእሷ የምታንስ ሙሽራ ትመጣለች፤ ባል የተባለ ሰው በአንዱም ፎቶ የለም። ሌላ ምን ታስብ?

«አላገባሁም ልጄ» አሉ ሐጂ፣ ላብ በላብ ሆነው። «ሸጥኩት እንጂ!»

ከጅዳ ሳቅ መጣ። የላከው ስጦታ ተሸጠ ሲሉት እንደዚያ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም። የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል አስጻፈችኝ፤ ስልኩ ተከፈተ። ፎቶዎቹን እሷ ዘንድ እንድታጠፋቸው ስለምናት ግን እምቢ አለች፤ «እኔ ዘንድ ያለው የእኔ ነው፣ ደግሞም ሙሽራዋን ለምጃታለሁ» አለችኝ። ያነሳሁት እኔ፣ የተነሳችው እህቴ፣ ያስቀመጠችው ሩቂያ። የማን ይባላል? እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

ሐጂ ጀማል በበኩላቸው ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣውን ሰርግ እስቲ ልየው አሉና አንድ በአንድ አሳየኋቸው። አንዱ ፎቶ ላይ ሲደርሱ እጄን ያዙ። ከሙሽራዋ ጀርባ ቆማ የምታጨበጭበው አክስቴ ዘሃራ ናት። ሐጂ ከልጃቸው ጋር ያወሩበት ስልክ መዘጋቱን አረጋገጡ፤ ከዚያ ጠጋ ብለው፣

«ይቺ ሴትዮ ባል አላት?» አሉኝ።