የሳሎናችን ቡና ቅጠል ስለማርገፏ የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ 8፡20 (ጥሪው ለ8፡00 ነበር፤ ሰብሳቢው መነጽራቸውን ሲፈልጉ ዘገዩ)
ቦታ፦ ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር

የተገኙ፦ አባባ፣ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሰብሳቢ፤ እማዬ፣ ልብስ ሰፊ፤ አክስቴ፣ በታዛቢነት ተጠርታ ከሁሉም በላይ የተናገረች፤ ወንድሜ፣ የበር ደወል ከጠገነ ወዲህ «ኢንጂነሩ» የሚባለው፤ እኔ፣ ጽሕፈቷ ይነበባል ተብዬ ያለፈቃዴ የተመረጥኩ ጸሐፊ። ኢንጂነሩ ሻወር ቤት ስለነበረ ድምፁ በበሩ በኩል ተቆጥሮ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ቡናዋም ከነሕመሟ ተገኝታለች።

አጀንዳ 1፦ የቡናዋ ጤና
ሰብሳቢው ከፍሬ አብቅለው አራት ዓመት ያሳደጓት ቡና በሁለት ሳምንት አሥራ አንድ ቅጠል ማርገፏን በሐዘን ገለጹ። ከገዛ ተክላቸው አንድ ሲኒ ሳይጠጡ መሞት እንደማይፈልጉም አስረዱ። እማዬ ማንም ይሙት አለማለቷን፣ ሆኖም ቡናዋ እስከ ቅዳሜ ካላገገመች ወደ ቆሻሻ ገንዳ እንደምትሄድ አሳሰበች። ኢንጂነሩ በበሩ በኩል ቬንትሌተር ይገዛላት አለ። አክስቴ ብቸኝነት ነው የጎዳት፣ ጓደኛ ትተከልላት አለች። ከረጅም ውይይት በኋላ ቬንትሌተሩ በጓደኝነት እንዲገዛ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ መስኮቱ
እማዬ ቡናዋ መስኮቱን ከያዘች ወዲህ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባው በግምት መሆኑን ተናገረች። ሰብሳቢው ቡና ብርሃን እንደምትፈልግ ሲያስረዱ «እኔስ ጨለማ ውስጥ ነው የበቀልኩት?» የሚል ጥያቄ ከእማዬ ቀረበ። ቡናዋ ወደ ኮሪደር፣ የስፌት መኪናው ወደ መስኮቱ እንዲዛወሩ ተወሰነ። ሰብሳቢው ልዩነታቸው ይመዝገብልኝ ብለው ተመዝግቧል።

አጀንዳ 3፦ ፌርማታ
ሰብሳቢው ጠዋት ጠዋት ቡናዋ አጠገብ ቆመው የድሮ መስመራቸውን ፌርማታዎች በተራ ይጠራሉ። እማዬ ልኬት ስትቆጥር እንደሚያምታታት ገልጻ ይቁም አለች። ሰብሳቢው ቡናዋ «መጨረሻ!» ሲባል ቀና እንደምትል ተከራከሩ። በዝምታ እንዲጠሩ ተወሰነ።

ያልታሰበ ጉዳይ
ሁለተኛውን ውሳኔ ለማስፈጸም እማዬ ቡናዋን ከነመትከያዋ ብድግ ስታደርግ፣ መትከያዋ የተቀመጠበት ባልዲ እስከ ግማሹ ውኃ ይዞ ተገኘ። ለካ ሥሯ ተዘፍዝፎ ነው የከረመው። አጣሪ ኮሚቴ ሳያስፈልግ ሁሉም ተናዘዘ፦ ሰብሳቢው ጠዋት፣ አክስቴ ቀትር ላይ («አሳዝናኝ እኮ ነው»)፣ ኢንጂነሩ ማታ በመለኪያ፣ ጸሐፊዋም ጠጥታ የተረፋትን። ከዚያ ዓይን ሁሉ እማዬ ላይ አረፈ።
«ምን ታፈጡብኛላችሁ? ሁላችሁም የረሳችኋት መስሎኝ ነዋ!» አለች። ሁላችን ከተኛን በኋላ እሷም ታጠጣት ኖሯል።

የመጨረሻ ውሳኔ
ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ቬንትሌተር አይገዛም። ቡናዋ ከመስኮቱ ንቅንቅ አትልም። አፈሩ እስኪደርቅ ማንም ውኃ ይዞ አይጠጋትም፤ መድረቁን በጣቷ ነክታ የምታረጋግጠው እማዬ ብቻ ናት። የስፌት መኪናው ኮሪደር ይገባል፤ ባለመኪናዋ «አምፖል አለው፣ ይበቃኛል» ብላለች።

ስብሰባው 9፡45 ላይ ተዘጋ። ኢንጂነሩ ፎጣ እንዲያቀብሉት ለሦስተኛ ጊዜ አሳሰበ። ሰብሳቢው ፈራ ተባ እያሉ ስለ ፌርማታዎቹ ቢጠይቁ፣ እማዬ መኪናዋን እየገፋች «ጥራ እንጂ፤ ግን ጮክ በል፣ ኮሪደር ድረስ አይሰማኝም» አለቻቸው።