የኬላው አዛዥ ኸባብ እና ያልበሰለው ሲዲ

በየከተማው፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዘመድ አዝማዱ መሀል አንድ «ቆይ» ባይ አይጠፋም። ሌላው ገዝቶ፣ ለብሶ፣ አቆሽሾ ሲጨርስ እሱ ገና ጨርቁን በሁለት ጣቱ እያሸ ነው። አገር የሚያጠፉት ቸኳዮች ናቸው ሲባል እሰማለሁ። የእኔን ፀጉር ያሸበቱት ግን ቆይ ባዮች ናቸው፤ የእነሱም ቁንጮ ኸባብ ይማም ነው።

ክቡር ኸባብ ይማም መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ፣ የኢንተርኔቱ ኬላ አዛዥ፣ የአሮጌ ዕቃ ሁሉ አሳዳሪ ነበር። እኔ ምክትል ርዕሰ መምህር ስለነበርኩ አለቃው ነኝ፤ በወረቀት።

«ኬላ» ብሎ የጠራው እሱ ራሱ ነው። ፋየርዎል የሚሉት ነገር ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ ንጉሡ፣ መንገድ ላይ የመኪና ኬላ ያውቁ የለ? እሱ ነው። የሚገባውም የሚወጣውም ይፈተሻል፤ ቫይረሱ ይመለሳል፣ ትምህርቱ ያልፋል» አለኝ። ፕሮግራሙ በነፃ የሚገኝ ነው፤ በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች ሠርተው ለፈለገ ሁሉ ይለቁታል። የተጫነበት ኮምፒውተር ግን ሲነሳ የሚያቃስት፣ ከተጣለበት የተለቀመ ነበር። ኸባብ «አሮጊቷ» ይላታል። ሆዷ ውስጥ ሁለት የኔትወርክ ካርዶች አሉ፤ በአንዱ ኢንተርኔቱ ይገባል፣ በሌላው ለሃያው ኮምፒውተር ይከፋፈላል። አሮጊቷ ካልተነሳች ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት የለውም።

ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነበር። የፕሮግራሙ አዲስ እትም ሊወጣ ነው፣ ፈጣን ነው የሚል ወሬ ስሰማ ልቤ ቆመ።

«መቼ ነው የሚወጣው?»

«ሲበስል።»

«ቀን የለውም?»

«ሰዎቹ ቀን አይቆርጡም ጋሼ። ሲደርስ ይወጣል ነው የሚሉት። አሁን ገና ነው፤ አልበሰለም።»

ይህን «አልበሰለም» ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አሏህ ይወቀው። ከአሕመድኑር ሱቅ ጃኬት ሊገዛ ገብቶ «የሚቀጥለው ጭነት ይሻላል» ብሎ የወጣ ሰው ነው፤ በዚያው አሮጌ ጃኬቱ ሁለት ክረምት አለፈ። እናቱ ሚስት ብታጭለት የሰጠው መልስ ምን እንደነበር መናገር አያስፈልገኝም።

ሲያቅተኝ ለአባቱ ከሰስኩት። ሼህ ይማም ልጆች ሰብስበው ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ጨረቃ መታየቷን ለማረጋገጥ ሰው ደጅ የሚጠናቸው ሽማግሌ ናቸው። ክሴን እስከ መጨረሻው አዳምጠው ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«መምህር፣ ኢድ መቼ ነው?»

«ጨረቃ ስትታይ ነዋ!»

«ታዲያ ሰው ጨረቃን ይጠብቃል እንጂ ጨረቃ ሰውን ትጠብቃለች? ልጄ እኮ አላጠፋም።»

ዘር ከልጓም ይስባል ብዬ ወጣሁ።

መጠበቁን ብቻ ቢጠብቅ ደግ። ጓደኞቹ ከሠርግ ሲመለሱ ጮማውን ያወራሉ፤ እሱ ከላላ የሚባለው ጎረቤት ወረዳ ሠርግ ሄዶ ከተበላሸ ኮምፒውተር ለምኖ የነቀለውን የኔትወርክ ካርድ በመሀረብ ጠቅልሎ ይመጣል። ከደጎሎም ከወግዲም እንዲሁ። ሁሉንም በአንድ ኬሻ ያጠራቅምና አንድ ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ላይ ይጽፋል። አጮልቄ አንብቤዋለሁ። «የደጎሎው፦ አዲሱ እትም ያውቀዋል ተብሏል። ሲሞቀው ያኮርፋል።» «የከላላው፦ አዲሱ አያውቀውም። ቢሆንም አይጣልም።» ገጽ በገጽ ይኸው ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ለዚህ ነው ወይ እያልኩ ጥርሴን እነክስ ነበር።

ሁለት ሺህ ሦስት ነሐሴ፣ ረመዳን ላይ፣ የአሥረኛ ክፍል ውጤት ዓርብ በስምንት ሰዓት በኢንተርኔት ይለቀቃል ተባለ። እኔም ድምፅ ማጉያውን ይዤ «ደሴ መሄድ ቀረ! ዓርብ በስምንት ሰዓት እዚሁ ታያላችሁ!» ብዬ አወጅኩ። ወሬው ከላላና ወግዲ ድረስ ዘለቀ። ቃሌን ሰጠሁ ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ አንድ ሲዲ ላከልኝ፤ ያ አዲሱ እትም። ኸባብ አገላብጦ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ ለሙከራ የወጣ ነው። ዋናው ገና ነው። ደግሞም የአሮጊቷን ካርዶች አያውቃቸውም ይላሉ።»

«ማነው የሚለው?»

«የሠሩት ናቸዋ!»

ሲዲውን ኪሴ ከተትኩት።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ኸባብ የክፍሉን ቁልፍ ለእኔ ሰጥቶ ለጁምዓ ሶላት ወጣ። እኔና አሮጊቷ ብቻችንን ቀረን። ሁለት ሰዓት አለኝ፤ ልጆቹ ውጤታቸውን በፍጥነት ቢያዩ ማን ይጠላል? ሲዲውን ከተትኩ። በእንግሊዝኛ ይጠይቀኛል፤ እኔ እሺ እላለሁ። ስድስት ጊዜ እሺ አልኩ። በሰባተኛው «ያለውን በሙሉ ላጥፋው ወይ?» ያለኝ ይመስለኛል። እሱንም እሺ አልኩ።

አሮጊቷ አቃሰተች፣ ተነሳች፣ ምንም ካርድ አላገኘሁም ብላ ቆመች።

በመስኮት ስመለከት ግቢው በልጆች ሞልቷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት እውነት ነው።

ኸባብ ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ገባ። ስክሪኑን አየ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ባዶ የሲዲ ልባስ አየ፣ እኔን አየ። ስድቡን ጠበቅኩ።

«የአሮጌው እትም ሲዲ የታለ? እሱን እንመልሰው» አልኩ።

«ወግዲ ላለ ጓደኛዬ አውሼዋለሁ» አለና ጃኬቱን አወለቀ። «አብሽሩ፣ አይዞዎ ጋሼ።»

ያን ጊዜ ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ፈንታዬ በሩን በርግደው ገቡ። «ስምንት ሰዓት ሆነ እኮ! ምን ሆኖ ነው?» መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አሮጊቷ ናት፣ እትዬ» አለ ኸባብ ወደ እኔ ዞር ሳይል። «ደክሟት ነው። ትነሳለች።»

ኬሻውን አምጥቶ መሬት ላይ ዘረገፈው፤ ደብተሩን ገለጠ። ሥራ ፈትቶ ይጫጭራል ስለው የነበረው ለካ የፕሮግራሙ ሠሪዎች አዲሱ እትም የሚያውቃቸውን ካርዶች ዝርዝር በየጊዜው ሲያወጡ እየተከታተለ ከኬሻው ጋር ሲያመሳክር ነው። እየጠበቀ ይሠራ ነበር። የአሮጊቷን ሆድ ከፍቶ የደጎሎውን ሰካ፤ አወቀችው። ሁለተኛውን ለማግኘት አራት ካርድ ሞከረ፤ አራቱንም ናቀች። የወግዲው ሲገባ ተቀበለች። ከዚያ የኬላውን ሕግ ሁሉ ከደብተሩ እያየ እንደገና ጻፈ። በጾም አፉ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ አንዲት ቃል ሳያማርር።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ኢንተርኔቱ ገባ። መጀመሪያ የተቀመጠችው ቀመር የምትባል የከላላ ልጅ ነበረች። ቁጥሯን ጻፈች፣ ስክሪኑን ሁለቴ አነበበች፣ ወንበሩን ገልብጣ «አልሐምዱሊላህ! አለፍኩ!» እያለች ወደ ግቢው ሮጠች። ግቢው በእልልታ ቀለጠ። እኔም እልል አልኩ፤ ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ ብዬ አላፈርኩም።

የመጨረሻው ልጅ ሲወጣ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ለኸባብ ውሃና ተምር ይዤለት ገባሁ።

«ኸባብ፣ ያ ሲዲ...»

«ተምሩ ጥሩ ነው ጋሼ። አንድ ይቅመሱ» አለኝ። በቃ። እስከ ዛሬ ስለ ሲዲው ተነጋግረን አናውቅም፤ ይህን ስጽፍ መናዘዜ ነው።

ዋናው እትም ከአራት ወር በኋላ ወጣ። ኸባብ «እስቲ ሌሎች ይቅመሱት» ብሎ ሦስት ሳምንት ጨመረበት። እኔም ሦስቱንም ሳምንት አብሬው ጠበቅኩ።

በኋላ ደሴ ተዛወረ። ደብተሩን መሳቢያው ውስጥ ረስቶት ሄዶ ኖሮ እኔ አገኘሁት። ካርዶቹን ሁሉ አንድ በአንድ አነበብኩ። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ የዚያች ዓርብ ቀን ተጽፎበት፣ ከወግዲው ካርድ ዝቅ ብሎ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ ንጉሡ፦ ይቸኩላሉ። ቁልፍ አይሰጣቸው። ቢሆንም አይጣሉም።»

ባለፈው ከደሴ ደወለ። ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ። «ጋሼ፣ እባክዎ ያቺን ደብተር ይላኩልኝ እንጂ። ስንት ጊዜ ልለምንዎ?»

ደብተሯ ትራሴ አጠገብ ናት። የትም አትሄድም።

«ቆይ እንጂ ኸባብ» አልኩት። «ምን አስቸኮለህ? ገና ነው፤ አልበሰለም።»