ያልታየ አያስፈራም

(ታይላንድ፣ ከኡቦን ከተማ ወጣ ያለች መንደር። ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ከአንድ ትልቅ ዋርካ ፊት ለፊት የሲኒማ ሸራ ተወጥሯል። የፊልሙ ማሽን፣ አሮጌዋ መኪናና ሁለቱ ሰዎች ከሸራው ጀርባ ናቸው። ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ የተዋናዮቹን ሁሉ ቃል በማይክራፎን የሚናገረው ታዊን ነው። ማሽኑን የሚያዞረው፣ ኮቴውንና ነጎድጓዱን በቆርቆሮና በባልዲ የሚፈጥረው ደግሞ ሳኒት ነው። ሳኒት ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል፤ እሱም ሰምቶ አምኗል።)

ታዊን፦ ይጮኻል አልኩህ!

ሳኒት፦ ጋሼ፣ አውሬው እኮ ገና ከጠፈር መርከቡ አልወረደም። በሩ ተዘግቶ ጩኸቱ በየት በኩል ይሰማል?

ታዊን፦ በመስኮት! ስማ፣ ሰው የሚፈራው የሚያየውን ነው። ጥርሱን አሳየው፣ ጩኸቱን አሰማው፣ አለቀ። ያልታየ አያስፈራም! ጻፈው።

ሳኒት፦ መጻፍ ስለማልችል ባምነውስ?

ታዊን፦ እመነው።

ሳኒት፦ አመንኩ። እኔ ግን ውሃ ጠብ... ጠብ... ባደርግና አንተ ዝም ብትል ብዬ ነበር።

ታዊን፦ እኔ ዝም ልል? ዛሬ? የቀጠሩን ወይዘሮ ላምዱአን ዛሬ ካልወደዱን የቤተ መቅደሱን በዓል ለእነዚያ ድምፁ የተቀዳ ፊልም ለሚያሳዩት ይሰጡታል። ያን ጊዜ እኔ አማቴ ቤት ኑድል ቀቃይ መሆኔ ነው! አማቴን ታውቃቸዋለህ?

ሳኒት፦ እሳቸውማ ሳይታዩም ያስፈራሉ።

ታዊን፦ ዝም ብለህ ማሽኑን አዙር!

(ማሽኑ ይንቀጫቀጫል። ሳኒት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለጋሼው አጭር ጸሎት ያደርሳል።)

ታዊን (በማይክራፎን)፦ ወዮ! ካፒቴን! በሩ ሊከፈት ነው! ግርርርር! (ማይክራፎኑን በእጁ ሸፍኖ) እንዴት ናቸው?

ሳኒት (የሸራውን ጠርዝ ገለጥ አድርጎ)፦ ጸጥ ብለዋል።

ታዊን፦ አላልኩህም! ከፊት ማን ተቀምጧል?

ሳኒት፦ አያ ጌታ።

ታዊን፦ ሽማግሌ ናቸው?

ሳኒት፦ ሦስት መቶ ዓመት ይሆናቸዋል አሉ።

ታዊን፦ ገጠር ዕድሜ የሚቆጥር የለም። የሚበላ ነገር ቀርቦላቸዋል?

ሳኒት፦ የተቀቀለ ዶሮና አረቄ። አልነኩትም።

ታዊን፦ ፍርሃት ጉሮሯቸውን ዘግቶት ነው! ዓይናቸውስ ይርገበገባል?

ሳኒት፦ እኔ ሲርገበገብ አላየሁም።

ታዊን፦ ደርቀዋል በለኛ! ግርርርርር! (በደስታ እየዘለለ) ቆይ፣ ይህንንማ በዓይኔ ልየው!

(በሸራው ቀዳዳ አጮልቆ ያያል። ወንበሮቹ በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። አንድም ሰው የለም። ዶሮው አለ።)

ታዊን፦ ሳኒት... ሰዎቹ የት ሄዱ?

ሳኒት፦ የምን ሰዎች?

ታዊን፦ ተመልካቾቹ!

ሳኒት፦ የትም አልሄዱም፤ እዚያው ናቸው። ወይዘሮዋ ልጃቸው ከውትድርና ዕጣ ካመለጠ ለዋርካው አድባር ፊልም አሳያለሁ ብለው ተስለው ነበር። ልጁ አመለጠ። እና አድባሩ ዘመዶቹንም ይዞ ይመጣል ብለው ወንበር አበዙ። ጠዋት ነግረውናል እኮ፤ አንተ እያወራህ ነበር።

ታዊን፦ አያ ጌታ ማለት...

ሳኒት፦ መሃል ላይ ያለው ወንበር። ኧረ ጋሼ፣ ዓይንህን ከቀዳዳው አንሳ፣ ያዩሃል።

(ታዊን ማይክራፎኑን ጥሎ መኪናው ውስጥ ይገባል፤ ከወንበሩ ሥር። ፊልሙ ቀጥሏል። ሳኒት ግራ ሲገባው ማይክራፎኑን ወደ ባልዲው አስጠግቶ እርጥብ ጨርቅ ይጨምቃል። ጠብ... ጠብ... ከመንደሩ በር ሲቀረቀር ይሰማል፤ አንድ፣ ከዚያ ሌላ። ቀጥሎ የሴቶች ጩኸት። ፊልሙ አልቆ ሳኒት ወደ ወይዘሮዋ ይሄዳል። እየሮጠ ይመለሳል።)

ሳኒት፦ ጋሼ! ተመስገን፣ በዓሉ የእኛ ሆነ! መንደርተኛው ሁሉ ቤቱ ሆኖ ያዳምጥ ነበር አሉ። ስትጮህ ሲስቁ ቆዩ፤ ዝም ስትል በር ቆለፉ። ለበዓሉም እንደ ፊልሙ መጨረሻ ዝም ይበሉልኝ ብለውሃል።

ታዊን (ከወንበሩ ሥር)፦ ያ ዝምታ... አስቤበት ነው።

ሳኒት፦ ገብቶኛል። በል ውጣና ወንበሮቹን እንሰብስብ።

ታዊን፦ አልወጣም! አንተ ደንቆሮ፣ ከእነዚያ ሁሉ ጋር ብቻህን ስትቆም ትንሽ እንኳ አትፈራም?

ሳኒት፦ ለምን እፈራለሁ? ያልታየ አያስፈራም ብለኸኝ የለ? እኔ እኮ አምኜህ ነው!