ከጅዳ የመጣው ተምር እና የጥሪኟ ኩስ

ወገን፣ ዛሬ ሐይቅ ከተማ ዱአ ቤት ዘላ ገብታ "አይብሉት!" ብላ የጮኸችው ሴት እኔ ነኝ። ቪዲዮው ቫይራል ከመሆኑ በፊት ከራሴ አፍ ስሙት!

ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ የዱር እንስሳት ክትትል ነው። ሲያምር አይደል? በተግባር ግን ጫካ ለጫካ እየዞሩ ኩስ መልቀም ነው። ማን ጣለው? ምን በልቶ ነው? ወዴት አለፈ? ይሄ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል፣ ምን ላድርግ!

አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ያለው ቁጥቋጦ ሊመነጠር ነው። "ባዶ ነው፣ አንድም እንስሳ የለበትም" ተብሎ። እኔ ደግሞ ጥሪኝ አለች ባይ ነኝ። ያቺ ለሽቶ የሚሆነው ዝባድ የሚገኝባት አውሬ። ቀን አትታይም፤ ግን እየተመላለሰች አንድ ቦታ ላይ ነው የምትጸዳዳው። ያንን ቦታ አገኘሁት! ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ሳምፕሉን ደሴ ወስጄ ለድሮ አስተማሪዬ አሳየሁት፤ "ራሷ ናት" አለኝ። ዛሬ ጠዋት ሐይቅ ከተማ የምንጣሮው ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ላቀርበው በሶፍት ጠቅልዬ፣ በጥቁር ፌስታል ይዤ ሚኒባስ ገባሁ።

አጠገቤ ዘሃራ የምትባል ልጅ ተቀመጠች። ከጅዳ መግባቷ ነው። እሷም ጥቁር ፌስታል ይዛለች፣ ለአባቷ ተምር። እኔ እንደሆነ የማያገባኝ ነገር የለም፤ እዚያ ምን ዓይነት ወፍ አለ፣ ሙቀቱን እንዴት ይችሉታል እያልኩ አደረቅኳት። ስንወርድ "ዛሬ እኛ ቤት ዱአ አለ። ከገበያው ጀርባ የሐጂ ይማም ቤት ካልሽ ማንም ያሳይሻል። ወላሂ እንዳትቀሪ!" አለችኝ። ተቃቅፈን ተለያየን። ፌስታሌን አንስቼ ሄድኩ።

ፌስታሏን ማለቴ ነው።

ስብሰባው ላይ "ማስረጃው ይኸው!" ብዬ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።

ተምር። ወፋፍራም፣ የሚያብለጨልጭ ተምር!

ሰብሳቢው አንዱን አገላብጦ አየና "ጥሪኟ የመጣችው ከመዲና ነው እንዴ?" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ የኔው ፌስታል የት እንዳለ ገብቶኛላ!

ባጃጅ! "ወንድሜ፣ በአላህ ብረር!"

ስደርስ ዱአው አልቆ ሰው ግጥም ብሎ ተቀምጧል። ማስረጃዬ መሀል ላይ፣ በሚያምር ሰሃን። ደርቋል፣ ጠቁሯል፣ ፍሬ ፍሬ ይታይበታል። ሁሉም ያየዋል፣ ማንም ትንፍሽ አይልም። የወሎን ሰው ይሉኝታ ታውቁት የለ? ልጅ አረብ አገር ለፍታ ያመጣችውን "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" ብሎ ማሳፈር ነውር ነው። ኋላ እንደሰማሁት አንዲት እናት "አዲስ ዓይነት ነው መሰል፣ ሽታውም የአረብ ሽቶ ነው" ብለው ነበር። ዘሃራ ፌስታሉን ሳትከፍት ለሴቶቹ ሰጥታ ጓዳ ገብታለች፣ ምኑንም አላየች።

ሐጂ ይማም ልጃቸውን ላለማሳፈር "ቢስሚላህ" ብለው አንዱን አነሱ።

"ሐጂ አይብሉት! ኩስ ነው!"

ሐጂ ያነሱትን ሰሃኑ ላይ መለሱት።

ዘሃራ ከጓዳ ወጣች። ሰሃኑን አየች፣ እኔን አየች። "ሱብሃነላህ! ከደሴ ድረስ ይሄን ነው አጠገቤ ይዘሽ የመጣሽው?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። "አፉ በሉኝ" እያልኩ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ሐጂ ያዙኝ። "አብሽሪ ልጄ፣ አልጎረስኩትም እኮ" አሉ። ሰሃኑ ወደ ግቢ ወጣ፣ እሳቸውም እጃቸውን በደንብ ታጠቡ። ከዚያ ጠጋ ብለው "ግን የምንድን ነው?" አሉኝ።

"የጥሪኝ።"

"አሁንም አለች? እኛ አገር?" ግቢ የወጣው ሰሃን ላይ አጎነበሱ። እሳቸው ሲያጎነብሱ እንግዳው ሁሉ ተከትሎ አጎነበሰ! ይሄ ፍሬ የምን ዛፍ ነው? ሰው ትተናኮላለች? ዶሮዬን የጨረሰችብኝ እሷ ትሆን? እንዲህ ጓጉቶ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። እፍረቴን ረስቼ በእንጨት እየነካካሁ ማስረዳት ጀመርኩ። በሰው ዱአ ቀን!

ሐጂ ኩፊያቸውን አስተካክለው "ተነሽ፣ እንሂድ" አሉ። ስብሰባው ድረስ! ዘሃራም ተከተለችን። ሐጂ እዚያ ቆመው ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

"ጥሪኝ የለችም ያላችሁ፣ እኔ ኩሷን ልጎርስ ለትንሽ ነው የተረፍኩት። አለች!"

ካሜራ ተተክሎ እስኪታይ ምንጣሮው ይቆይ ተባለ። እዚያው አለቀስኩ፣ አላፍርም።

ዘሃራ ክንዴን ነካ አድርጋ "ተምሬስ?" አለችኝ።

ወደ ጠረጴዛው ዞር አልን። የተተፋው ፍሬ ብቻ ቀርቷል። ኮሚቴው ጨርሶታል!

እና ወገን፣ ከሳዑዲ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ? ተምር እፈልጋለሁ። በነጭ ፌስታል ይሁንልኝ፣ አደራ!