ጋሽ ወልደየስ የሳቁበት ስክሪንሹት

ዛሬ ሌሊት በሕልሜ የቤታችን ኮምፒውተር ወንበሬ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ነበር። መነጽሬን አድርጓል። ትኩር ብሎ አየኝና አፍንጫዬን ጫን አደረገው። ቀጭ አለ። ዓለሙ ለቅጽበት ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ።

"አነሳሁህ" አለኝ።

"የት አስቀመጥከኝ?"

ዙሪያውን ቃኘ። "እሱን እንኳ አላውቅም።"

አልፈረድኩበትም። እኔም የተኛሁት ፎቶ ስፈልግ አምሽቼ ነው። ባለፈው እሑድ ልጃችንን ትርሲትን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው ነበር። የባለቤቴ የአስካለ ታላቅ ወንድም ጋሽ ወልደየስ ጎባ ስለሆኑ በኮምፒውተሩ በቪዲዮ ተገኙ። እሳቸው ሳይፈቅዱ በዚያ ቤተሰብ ሠርግ አይታሰብም። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ ቆመው ሲናገሩ፣ ጥርሳቸው ታይቶ የማያውቀው ጋሽ ወልደየስ ከት ብለው ሳቁ። ሽማግሌዎቹ እሺ ማለታቸው ነው ብለው ደስ ብሏቸው ወጡ። እኔም ትርሲት እንዳሳየችኝ ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኜ ስክሪንሹት አንስቼ ነበር። በማግስቱ ጋሽ ወልደየስ ደወሉና "እኔ አልሳቅሁም፤ እሺም አላልኩም" አሉ። አስካለ ፎቶውን አምጣ አለችኝ። ፎቶው የለም።

በሕልሜ ኮምፒውተሩ ሚስቱን ተጣራ። ሚስቱ ፕሪንተሯ ነበረች፤ ወረቀት እያኘከች ከጓዳ ወጣች።

"ስንቴ ልንገርህ? ስታነሳ የት እንደሚገባ እያየህ አንሳ" አለችው።

አስካለ እኔን ያለችኝን ነው ቃል በቃል የደገመችው። ሲጨቃጨቁ ትቻቸው ወጣሁ።

መንገድ ላይ ታክሲዎች ረጅም ሰልፍ ይዘው ሰው ይጠብቃሉ። አንድ ሚኒባስ ጠጋ ብሎ "አባባ፣ አንድ ቦታ ይኖርዎታል?" አለኝ። "ሞልቻለሁ" ስለው አዝኖ ወደ ሰልፉ ተመለሰ። ጥጉ ላይ የማውሱ ቀስት የመብራት ምሰሶ አክሎ ቆሟል፤ አላፊ አግዳሚውን መንገድ ይጠይቃል።

"ፎቶዎች ሰፈር በየት በኩል ነው?" አለኝ።

"እኔም እዚያው ነኝ የምሄደው።"

"እንግዲያው ልከተልህ።"

በሰፈሩ ያሉት ቤቶች ሁሉ ቢጫ ናቸው። በሮቹ ላይ አዲስ ፎልደር፣ አዲስ ፎልደር ሁለት፣ አዲስ ፎልደር ሦስት ተብሎ ተጽፏል። ፎቶዎቹ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያነሷቸውን ሰዎች ይጠብቃሉ። አንዲት የሽሮ አሠራር የተጻፈባት ፎቶ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

"አምና አንስተኸኝ ጠፋህ። እስካሁን አልሠራኸኝም?"

"እሠራሻለሁ፤ ዛሬ ቸኩዬ ነው" አልኳት።

ከመጨረሻው ቤት ሳቅ ሰማሁ። በሩን ስከፍት ጋሽ ወልደየስ ተቀምጠዋል። አንድ አይደሉም፤ ቤቱ በእሳቸው ሞልቷል። ለካ ያኔ ስክሪኑ ብልጭ ብቻ ሲል አልተነሳም ብዬ ደጋግሜ ተጭኜ ኖሯል። ሁሉም አንድ ዓይነት ጋቢ ደርበው፣ አንድ ዓይነት ጥርስ አውጥተው ይስቃሉ።

"እባካችሁ ጋሼዎች፣ አንዳችሁ እቤት ድረስ ኑልኝ። ልጅቷ ሳትዳር ልትቀር ነው" አልኳቸው።

"በስማችን ጥራን" አሉ በአንድ ድምፅ።

"ጋሽ ወልደየስ።"

"እሱ ጎባ ነው። የእኛ ስም የተነሳንበት ቀንና ሰዓት ነው።"

ሰዓቱ ከየት ይምጣልኝ? "እሑድ፣ ከምሳ በኋላ" ብላቸው ይባስ ሳቁ። ሳቃቸው ደስ ሲል፣ የመጣሁበትን ረስቼ እንባዬ እስኪወርድ አብሬያቸው ሳቅሁ። በመጨረሻ በር አጠገብ የነበሩት ጋሽ ወልደየስ አዘኑልኝ።

"በል ና፤ እኔ ልምጣልህ። ትርሲትን መቼም እወዳታለሁ" ብለው ተነሱ።

እጃቸውን ይዤ ደጁን ስንወጣ ከላይ የኮምፒውተሩ ድምፅ ተሰማ።

"አገኘሁት።"

ሲከተለኝ የነበረው ቀስት ማጅራቴን ይዞ ወደ ላይ አነሳኝ። ጋሽ ወልደየስ ከእጄ አመለጡ። ኮምፒውተሩ መነጽሬን ከፍ ዝቅ እያደረገ መረመረኝ።

"ደብዝዟል" አለ።

"እንግዲያው ጣለው" አለች ፕሪንተሯ።

ቆሻሻ ቅርጫት ላይ አንጠለጠለኝና "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ራሱን ጠየቀ። ትንሽ አሰበ። "አዎ" አለ። ወደቅሁ።

ስነቃ ወለል ላይ ነኝ። ነግቷል። አስካለ ስልኳን ይዛ ከበላዬ ቆማለች።

"ትርሲት አገኘችው" አለችኝ። "ፎቶዎች ውስጥ ስክሪንሹት የሚል ፎልደር አለ፤ ያነሳኸው ሁሉ እዚያ ነው። ለዘመድ አዝማዱ ልከነዋል። ይኸው ጋሼ ስልኩ ላይ ናቸው፤ አናግራቸው።"

ስልኩን ተቀበልኩ።

"ሽመልስ፣ መሳቁንስ ስቄአለሁ" አሉ ጋሽ ወልደየስ። "ግን በሽማግሌው ንግግር አይደለም። እስቲ የፎቶውን ጥግ እየው።"

ኮምፒውተሩ ጋ ሄጄ አየሁ። ቤታችንን በምታሳየው ትንሽ መስኮት ውስጥ ሽማግሌው ቆመው ይናገራሉ። እኔ በአናቴ ግማሽ ፊታቸውን ጋርጄ፣ ምላሴን ወደ ጎን አውጥቼ ቁልፍ እፈልጋለሁ። በሁሉም ፎቶ ላይ እንደዚያው ነኝ።

"የልጅቷ ነገርስ ጋሼ?" አልኳቸው ቀስ ብዬ።

"ትዳር ልጅቷ፤ እሺ ብያለሁ። ብቻ በሠርጉ ቀን ከአንተ ፊት ለፊት እንዳያስቀምጡኝ።"