የዓብዲራሺድ መጅሊስ በላስቲክ ስለመጠበቁ

ሰው ከሞተ በኋላ ዕረፍት የሚያገኘው ኮሚቴ ካልተቋቋመለት ነው። ለዓብዲራሺድ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ተቋቁሞለታል።

ዓብዲራሺድ ሐርጌሳ ውስጥ ስንቱን ሳሎን ያሳመረ የቤት ውስጥ ዲዛይነር ነበር። ድሬዳዋ አድጎ እዚህ ሲመጣ ያገኘው ከተማ ዕቃውን ከአቧራ ይልቅ ከእንግዳ የሚጠብቅ ነበር። ሶፋ ተገዝቶ ከነመጣበት ላስቲኩ ይቀመጣል፤ በቤቱ ልጅ ይወለዳል፣ ልጁ አድጎ ያገባል፣ ላስቲኩ ግን እንዳለ ነው። እንግዳ ሲቀመጥበት ይንኮሻኮሻል፤ ሊነሳ ሲል ተጣብቆ ይከተለዋል። ዓብዲራሺድ ይህን ማየት አልቻለም። ቤት እንዲያሳምር ሲጠራ መጀመሪያ ከኪሱ የሚያወጣው መቀስ ነበር። «ሰው ያልተቀመጠበት ሳሎን መጋዘን ነው» ይልና ላስቲኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቀደዋል። ለዚህ ሥራው ከሦስት ቤት ተባሯል። አንዷ እመቤት እስከ ዋሄን ገበያ ድረስ ጫማዋን አውልቃ ስታሳድደው ገንዘብ መንዛሪዎቹ መንገድ ለቀውለታል። በሁለተኛው ወር ያቺው እመቤት መጋረጃ እንዲመርጥላት ለምና መለሰችው።

የኪነ ጥበብ ደጋፊነቱም ከዚሁ ጠባዩ የመጣ ነው። ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቱ ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ መጅሊሱን፣ ፍራሽና መከዳ የተደረደረበትን የእንግዳ ክፍሉን፣ ለገጣሚና ለዑድ ተጫዋች ይከፍት ነበር። ጥሩ ገጣሚም መጥፎ ገጣሚም እኩል መከዳ ይሰጠዋል። መጥፎዎቹ ይበልጥ ይቆዩ ነበር።

ከበሩ በስተቀኝ ያለው ከፍ ያለ ፍራሽ ግን የታላቅ እህቱ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ኤዶ» (አክስቴ) የሚላቸው የሙልኪ ነው። ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላላቸው የሱፍ የሚባል ፍራሽ ሰፊ ድርብ አድርጎ ሞልቶላቸዋል። ዓብዲራሺድ ታሞ በተኛ ጊዜ እጃቸውን ይዞ፣ «እኔ ባልኖርም ሐሙስሽን እንዳትተዪ፤ ቦታሽ ላይ ተቀመጪና ስሚልኝ» አላቸው። እሳቸውም ቃል ገቡ። ከዚህች ዱንያ የቀራቸው ጉዳይ ይኸው ነበር፤ አንድ ፍራሽ።

ኮሚቴውን የመራው ዓብዲፈታሕ ነው። አዲስ አበባ አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ጽሕፈት ቤት ሠርቶ ሲመለስ ሻንጣውን ረስቶ «ከላይ በተገለጸው መሠረት»ን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ለኮሚቴው ስም ወጣ። በሁለተኛው ስሙ በጣም መርዘሙ ተገምግሞ ትንሽ ተጨመረበት። በሦስተኛው የሟቹን ሥራ ለመጪው ትውልድ ለማቆየት ሲባል መጅሊሱ እንዳለ በላስቲክ እንዲሸፈን በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ፍራሽ ሰፊው የሱፍም ከአባላቱ አንዱ ነበርና እጁን አወጣ። «ሟቹ እኮ ላስቲክ ሲያይ...»

«እጅህ ከድምፅ አሰጣጡ በኋላ ስለወጣ በቃለ ጉባኤ አይያዝም» አለው ዓብዲፈታሕ።

መጅሊሱ ተሸፈነ። መቀሱም እንዳይዝግ በላስቲክ ተጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ኮሚቴው ያሰናዳው የመታሰቢያ ሐሙስ ደረሰ። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጣለ፣ ወንበር ተደረደረ። ኤዶ ሙልኪ በከዘራ እየታገዙ ሁሉን አልፈው በቀጥታ ወደ መጅሊሱ በር ሄዱ። ዓብዲፈታሕ በሩ ላይ ቆሟል።

«ዞር በል ልጄ፣ ልቀመጥ።»

«ኤዶ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ክፍሉ ከዛሬ ጀምሮ ቅርስ ነው።»

«እኔስ ምንድን ነኝ? ክፍሉን እኮ በሃምሳ ዓመት እበልጠዋለሁ።»

«እርስዎ ገና አልተመዘገቡም።»

«ወንድሜ ተቀመጪ ብሎኛል።»

«በጽሑፍ?»

«በአፉ ነዋ! አንተንስ እናትህ በጽሑፍ ነው የወለደችህ?»

«ቢቀመጡበት ፍራሹ ይጎደጉዳል፣ ኤዶ።»

«ሳይጎደጉድማ መች አውቀዋለሁ!»

ክርክሩ በአጀንዳ ያልተያዘ በመሆኑ ተዘጋ። ለኤዶ ሙልኪ አንድ እግሩ ያጠረ የፕላስቲክ ወንበር ተሰጣቸው። አላህ ታጋሾችን ይወዳልና ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ወንበሩ ግን ዝም አላለም።

ዓብዲፈታሕ አሥራ አራት ገጽ ንግግሩን ዘረጋ። ገጽ ሦስት ላይ፣ «የሟቹ ቤት ለሰው ሁሉ ክፍት ነበር!» ሲል እጁን ወደ በሩ ወነጨፈ፤ የበሩ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ተንቃጨለ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ሐርጌሳ ሁለት ወር ሙሉ ዝናብ በዱዓ ስትለምን ነበር። አላህ ገጽ አራት ላይ ሰማት።

ዳሱ ተበሳ። የድምፅ ማጉያው አንዴ አስነጥሶ ዝም አለ። የንግግሩ ቀለም በዓብዲፈታሕ እጅጌ ላይ ወረደ።

«ንግግሩ ራሰ! ላስቲክ አምጡ! ላስቲክ!»

«ከየት ይምጣ?» አለ አንዱ የኮሚቴ አባል።

የሱፍ ቀስ ብሎ፣ «አንድ ክፍል ሙሉ አለ» አለ።

ኮሚቴው ጠረጴዛ ሥር ገብቶ አስቸኳይ ስብሰባ አደረገ። ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ በእግር ቆጠራ ተረጋገጠ። ዓብዲፈታሕ በሩን ከፍቶ ሮጠ፣ የመቀሱን መጠቅለያ በጥርሱ ገሸለጠው፣ የመጅሊሱንም ላስቲክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀደደው።

«ወላሂ፣ ዓብዲራሺድ ራሱ እንዲህ አሳምሮ ሲቀድ አላየሁም» አለ የሱፍ።

ንግግሩ ተጠቀለለ፣ ማጉያው ተሸፈነ። የኮሚቴው አባላትም የላስቲኩን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው ግቢው መሐል ንግግሩን ከዝናብ ሲጠብቁ፣ እንግዳው ሁሉ ክፍቱን በር አየ። ኤዶ ሙልኪ «ቢስሚላህ» ብለው ገቡ፤ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ከኋላቸው ሌላው ተከተለ። ዑዱ ተቃኘ። አንድ መጥፎ ገጣሚ ተነሳ፤ ኤዶ ሙልኪ ዓይናቸውን ጨፍነው እንባቸው እየወረደ ሰሙት።

ዝናቡ ሲያባራ ኮሚቴው ውኃ እያንጠባጠበ ገባ። ዓብዲፈታሕ ከኤዶ ሙልኪ ሥር የጎደጎደውን ፍራሽ አይቶ ደነገጠ፤ ወዲያው ግን ሊቀመንበርነቱ ተመለሰለት።

«ክቡራን! ይህ ጉድጓድ የሟቹ ሥራ ሕያው ማስረጃ ነው! ከላይ በተገለጸው መሠረት በአንደኛ ቁጥር ይመዘገብ። ኤዶ፣ ቅርጹ እንዳይጠፋ እባክዎ አይነሱ።»

«እስከ መቼ?»

«ቀጣዩ ስብሰባ እስኪወስን።»

ኤዶ ሙልኪ መከዳውን ወደ ወገባቸው ጠጋ አደረጉ።

«በጽሑፍ አድርገህ አምጣልኝ።»

ደብዳቤው በማግሥቱ መጣ። አሁን ሐሙስ ሐሙስ የሚያስነሳቸው የለም፤ የሚሞክር ካለ ደብዳቤውን ከመከዳቸው ሥር አውጥተው ያሳዩታል። ማኅተሙ እንዳይፈዝ በላስቲክ ሸፍነውታል።